ራዲዮ ላይ «እሺ» የለም፦ በሲሙሌተር የቅርብ አየር ድጋፍ ስትበሩ ከምድር ተቆጣጣሪ ጋር እንዴት ትነጋገራላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ዲሲኤስ ወርልድ የሚባለውን የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር እንበራለን። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚወድቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሞተር ያስነሳል፣ ይበራል፣ ቦምብም ይጥላል። ምድር ላይ ካለው ተቆጣጣሪ ጋር ማውራት ሲጀምር ግን ነገሩ ይበላሻል። ይህን የጻፍኩት አንድ ዓይነት ስህተት ሲደጋገም ስላየሁ ነው። ስህተቱ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ችሎታ ጋር ብዙም አይገናኝም። አብዛኛው የሚመጣው አማርኛ ስናወራ ከለመድነው ነገር ነው።

የምድር ተቆጣጣሪውን በተለመደው ስሙ ጄታክ እለዋለሁ። ሥራው ወዳጅ ጦር አጠገብ ያለን ዒላማ ለአብራሪው ማሳየትና ለመጣል ፈቃድ መስጠት ወይም መከልከል ነው። በምሳሌዎቹ ጄታኩ «ዋርካ»፣ አብራሪው «ንስር 1-1» ነው። ሁለቱን ስሞች የመረጥናቸው በድምፅ ስለማይመሳሰሉ ነው። እናንተም ስም ስታወጡ ይህንን አስቡ።

ከመብረራችሁ በፊት

ዲሲኤስ ወርልድ ራሱ ነጻ ነው። ከሱ-25ቲ አውሮፕላን፣ ከካውካሰስና ከማሪያናስ ካርታዎች ጋር ይመጣል። በምሳሌዎቹ የምንበረው የጥቃት አውሮፕላን ኤ-10ሲ ግን ይገዛል። ሰው ከሰው ጋር ለመነጋገር ሲምፕል ራዲዮ ስታንድአሎን የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ሁላችሁም ጫኑ።

1. ማይኩን ቁልፍ ሲጫኑት ብቻ እንዲሠራ አድርጉ። ድምፅ ሲሰማ ራሱ የሚከፈተውን አማራጭ አጥፉት። እኛ ክፍል መስኮቱ ከተከፈተ የታክሲ ረዳቱ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» ሲል ቀጥታ ራዲዮው ላይ ይወጣል። እሱ እየተጣራ ሌላ ሰው መናገር አይችልም።

2. ቁልፉን ተጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ጠብቁ፣ ተናገሩ፣ ጨርሱ፣ ከዚያ ልቀቁ። እየተጫኑ መናገር የመጀመሪያውን ቃል ይቆርጠዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ደረጃ 6 ላይ ስትደርሱ ግን ወዳጅን የሚያስመታው እሱ መሆኑን ታያላችሁ።

3. ፍሪኩዌንሲውን ከነዓይነቱ ጻፉ። ኤ-10ሲ ሦስት ራዲዮ አለው፤ ሁለት ቪኤችኤፍና አንድ ዩኤችኤፍ። «251 ነው» ብቻ አትበሉ። «ዩኤችኤፍ፣ 251.000 ኤኤም» በሉ። ከቪኤችኤፎቹ አንዱ ኤፍኤም ነው፤ እሱ ላይ ሆናችሁ ኤኤም የሚናገረውን ሰው አትሰሙትም።

4. ወረቀት አዘጋጁ። ከ1 እስከ 9 ቁጥር ጻፉና አጠገባቸው ባዶ ቦታ ተዉ። ከሥር «ማሳሰቢያ» የሚል መስመር ጨምሩ። «በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ» ያለ ሰው እስካሁን ይዞት አላየሁም።

5. መብራት ሲሄድ ምን እንደሚደረግ ቀድማችሁ ተስማሙ። የኛ ሕግ እንዲህ ነው፦ ጄታኩ ሁለቴ ተጠርቶ ካልመለሰ የተሰጠው ፈቃድ ሁሉ ተሰርዟል። አብራሪው ወደ መጠበቂያው ይመለሳል። ዩፒኤስ ካላችሁ መጀመሪያ ኢንተርኔት ሳጥኑን ሰኩበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የእጅ ራዲዮ ገዝታችሁ አየር ላይ አታውጡት። የአገሪቱን ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ከበላያችን ደግሞ ሰው የጫኑ አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ይወርዳሉ።

መጀመሪያ ቋንቋውን ወስኑ

እኛ እንዲህ ተስማምተናል። ቋሚ የሆኑት ቃላት፣ እንደ ታሊና ክሊርድ ሆት ያሉት፣ በእንግሊዝኛ ይባላሉ፤ ትርጉማቸው ደረጃ 5 እና 6 ላይ አለ። ዒላማን በቃል ማሳየት በአማርኛ ይሁን፣ ፈጣንና ግልጽ ነው። ቁጥር ግን አንድ በአንድ፣ በእንግሊዝኛ።

ለምን? የጆሮ ማዳመጫችሁ ውስጥ ትንሽ ጩኸት ካለ «አምስት» እና «ስምንት» አይለዩም። «ሰባት» እና «ሰባ»፣ «ዘጠኝ» እና «ዘጠና» እንዲሁ። የሌዘር ኮድ (ቦምቡ የሚከተለው ሌዘር መለያ ቁጥር) 1688ን «አሥራ ስድስት ሰማንያ ስምንት» ብሎ የነገረን ጄታክ ነበር። ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ነገር ጻፍን። «ዋን፣ ሲክስ፣ ኤይት፣ ኤይት» ይበቃል። አብራሪዎች 3ን «ትሪ»፣ 5ን «ፋይፍ»፣ 9ን «ናይነር» የሚሉት ለዚሁ ነው። ልመዱት።

ሰዓትም ወጥመድ ነው። የሲሙሌተሩ ሰዓት 09:35 ሲል የኛ ሰው አፍ ላይ የሚመጣው «ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት» ነው። ሰሚው 3:35 ይጽፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ደቂቃውን ብቻ ተናገሩ፦ «ሰዓት 35»። በሁለቱም አቆጣጠር ደቂቃው አንድ ነው፤ እውነተኞቹ ጄታኮችም ቦምቡ የሚያርፍበትን ሰዓት በአብዛኛው በደቂቃ ነው የሚሰጡት።

ደረጃ 1፦ ራሳችሁን አስተዋውቁ

አብራሪው ቀድሞ ይጠራል። ሰላምታ የለም፣ «እንዴት ነህ፣ ይሰማል?» የለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የምትጠሩት ሰው ስም፣ የራሳችሁ ስም፣ ስንት አውሮፕላን፣ ዓይነቱ፣ የት ቦታና ምን ከፍታ ላይ፣ ምን መሣሪያ፣ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደምትችሉ፣ ምን ማያ (ለምሳሌ ታርጌቲንግ ፖድ፣ ዒላማን ከሩቅ የሚያጎላ ካሜራ) እንዳላችሁ። በምሳሌው «ፎርድ» ካርታው ላይ የተስማማንበት መነሻ ነጥብ ስም ነው።

«ዋርካ፣ ንስር 1-1። አንድ ኤ-10፣ ከፎርድ ደቡብ 5 ማይል፣ 12,000 ጫማ። ሁለት በሌዘር የሚመራ ቦምብ፣ መድፍ ሙሉ። 40 ደቂቃ። ታርጌቲንግ ፖድ አለኝ።»

መልስ ካልመጣ ሁሉንም አትድገሙት። ስም ጠርታችሁ ብቻ ሞክሩ። ሁለቴ ካልሠራ ድምፅ መጠኑን፣ ኤኤም ወይም ኤፍኤም መሆኑን፣ የትኛውን ራዲዮ እየተጫናችሁ እንደሆነ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

ደረጃ 2፦ ጄታኩ ሁኔታውን ይናገር

ይህ አጭር ነው። ጠላት ምንድን ነው፣ ፀረ አውሮፕላን አለ ወይ፣ ወዳጅ የት ነው። ከዚያ የቁጥጥሩን ዓይነት ይናገራል። ዓይነት 1 ከሆነ ጄታኩ አውሮፕላኑንም ዒላማውንም በዓይኑ ያያል። ዓይነት 2 ከሆነ አንዱን ወይም ሁለቱንም አያይም፤ ግን እያንዳንዱን ጥቃት ለየብቻ ይፈቅዳል። ዓይነት 3 በአንድ ፈቃድ ውስጥ ብዙ ጊዜ መምታት ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በዓይነት 2 ብቻ ተለማመዱ። ዓይነት 3ን ለጊዜው እርሱት፤ በየዙሩ ፈቃድ የመጠየቅ ልማድ ሳይኖር እሱን መጀመር ስህተቱን ይደብቃል።

ደረጃ 3፦ ናይን ላይን

ጄታኩ ጥቃቱን ለአብራሪው የሚያስረዳበት ዘጠኝ መስመር ነው። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ጄታኩ መጀመሪያ «ለናይን ላይን ዝግጁ ስትሆን ንገረኝ» ይላል። አብራሪው እስክሪብቶ ሳይዝ ዝግጁ ነኝ አይበል።

1. መነሻ ነጥብ፦ ፎርድ
2. ከመነሻው ወደ ዒላማው ያለ አቅጣጫ፣ በማግኔት ዲግሪ፦ 040
3. ርቀት በኖቲካል ማይል፦ 8.2
4. የዒላማው ከፍታ ከባሕር ወለል፣ በጫማ፦ 1,450
5. ዒላማው ምንድን ነው፦ ሁለት የጭነት መኪና
6. የት ነው፦ ግሪድ ኬኤም 612 934
7. ምልክቱ፦ ሌዘር፣ 1688
8. ወዳጅ፦ ከዒላማው ሰሜን ምዕራብ፣ 900 ሜትር
9. መውጫ፦ በቀኝ ዞሮ ወደ ፎርድ

ማሳሰቢያ፦ የመግቢያ አቅጣጫ ከ030 እስከ 050፣ ሰዓት 35።

ሦስት ሦስት መስመር እያደረጋችሁ ንገሩ። ከ3ኛው በኋላ ቁልፉን ልቀቁና ትንፋሽ ውሰዱ። ከ6ኛው በኋላም እንዲሁ። የመስመሩን ቁጥር መጥራት አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል። መነሻ ነጥብ ከሌለና አውሮፕላኑ ዒላማው ላይ እያንዣበበ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች «ከአናት» ብላችሁ እለፏቸው።

መስመር 4 ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚጠየቀው ከመሬት ያለው ከፍታ አይደለም። ቦሌ ማረፊያው ላይ የቆመ አውሮፕላን ጎማው መሬት ነክቶም ከባሕር ወለል 7,625 ጫማ ላይ ነው። መስመር 4 የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው። ተራራ ላይ ያለ ዒላማን ዜሮ ብላችሁ ከሞላችሁ ማያችሁ ከዒላማው ሌላ ቦታ ያያል።

መስመር 6 ላይ ግሪድ ማለት የካርታ መጋጠሚያ ነው፤ «ኬኤም» የካርታው ትልቅ ካሬ ስም ነው። በእያንዳንዱ ሦስት አሃዝ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው 1 ኪሎ ሜትር፣ ሦስተኛው 100 ሜትር። ስለዚህ 612ን 512 ብሎ የጻፈ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ስቷል። ስድስት አሃዝ የ100 ሜትር ካሬ ይሰጣችኋል፣ ስምንት አሃዝ 10 ሜትር።

መስመር 7 ላይ ቀላል መፈተሻ አለ። የሌዘር ኮድ ውስጥ 0 እና 9 የሉም። ከሰማችሁ ተሳስታችኋል፤ «ሴይ አጌን» (ድገምልኝ) በሉ።

መስመር 8ንና የመግቢያ አቅጣጫውን አብራችሁ እዩ። እዚህ ምሳሌ ላይ ወዳጅ ሰሜን ምዕራብ ነው፣ አብራሪው የሚገባው ወደ 040 ነው። ማለትም ወዳጅን ወደ ጎን ትቶት ያልፋል። ቦምቡ ቢያጥር ወይም ቢረዝም እነሱ ላይ አይወድቅም። ጄታክ ከሆናችሁ የመግቢያ አቅጣጫ ስትሰጡ ይህንን በወረቀት ላይ ሥሉት። መውጫውም በቀኝ የሆነው ከእነሱ ለመራቅ ነው።

ሰዓቱን ደግሞ አስሉት። በ300 ኖት (በሰዓት 300 ኖቲካል ማይል) የሚበር ኤ-10 በደቂቃ 5 ኖቲካል ማይል ይሄዳል። 8.2 ማይል 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ሰዓት 35 ለመድረስ ፎርድን ከ33 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሳያልፍ ልቀቁ።

ደረጃ 4፦ መልሶ ማንበብ

ሁሉ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ጄታኩ ጨርሶ «ገባህ?» ይላል። አብራሪው «እሺ» ይላል።

«እሺ» ምን ማለት ነው? ሰማሁ? ተስማማሁ? አደርገዋለሁ? ወይስ ቶሎ ጨርስ? ቤት ውስጥ እናታችሁ «ዳቦ ግዛ» ስትል እሺ ብላችሁ ሳትገዙ ትቀራላችሁ፣ ደግሞም አልዋሻችሁም። ራዲዮ ላይ ግን ይህ ቃል ምንም መረጃ አይሸከምም። አጥፉት። ቦታው ላይ የሰማችሁትን ራሱን አስቀምጡ።

የግድ የሚነበቡት መስመር 4፣ መስመር 6 እና ማሳሰቢያው ላይ ያሉት ገደቦች (የመግቢያ አቅጣጫና ሰዓት) ናቸው። እኛ 8ኛውንም እንጨምራለን፤ ወዳጅ የት እንዳለ መድገም ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

«ንስር 1-1። 1,450 ጫማ። ኬኤም 612 934። ወዳጅ ሰሜን ምዕራብ 900። መግቢያ 030 እስከ 050። ሰዓት 35።»

«ንስር 1-1፣ ሪድባክ ኮሬክት።»

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በግሪድ ብቻ የምትጥሉ ከሆነ ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ አታንብቡ። መጀመሪያ አውሮፕላኑ ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብቡ። በትክክል ሰምታችሁ በስህተት ብታስገቡት ከወረቀት ማንበብ ያንን ስህተት አያወጣውም። ሁለተኛ፣ ጄታክ ስትሆኑ ጣታችሁን የራሳችሁ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እየተከተላችሁ ስሙ። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ «አይደለም» ብላችሁ አትለፉ። «ኔጋቲቭ» በሉና ያንን መስመር ሙሉውን ድገሙት፤ አብራሪውም እንደገና ያንብበው።

ደረጃ 5፦ በቃል እስከ ዒላማው መውሰድ

ግሪዱ ወደ ሰፈሩ ያደርሳል። ትክክለኛውን መኪና የሚያሳየው ንግግር ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ልጅነታችን ይጎዳናል። እኛ መንገድ ስናሳይ «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለህ፣ እዛ ጋ፣ ትንሽ ከፍ ስትል» ነው የምንለው። ላይ እንጦጦ ነው፣ ታች ደግሞ ቁልቁለቱ የሚወስድበት። ለእግረኛ ይሠራል። ክብ እየዞረ ላለ አብራሪ ግን ላይም ታችም የለም። ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ ምዕራብ በሉ።

ይህንን ሳትበሩ ተለማመዱ። ሁለታችሁም የመሐል ከተማውን የሳተላይት ፎቶ ክፈቱ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። አንዳችሁ አንድ ጣሪያ በልባችሁ ምረጡ፣ ሌላው በንግግራችሁ ብቻ ያግኘው። በከተማችን ፎቶ ላይ የምናደርገው ፍለጋ ብቻ ነው፤ የጥቃት ቃል አንጠቀምም። የቆመ መኪና ደግሞ አትምረጡ። ሁለታችሁ የተለያየ ቀን ፎቶ ልታዩ ትችላላችሁ።

«አንድ ትልቅ ሞላላ ሜዳ አለ። ስታየው ኮንታክት በል።»
«ኮንታክት።»
«የሜዳውን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መለኪያ ብለህ ያዝ።»
«ያዝኩ።»
«ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ሂድ። ሰፊ ክፍት ቦታ ታገኛለህ። አንዱ ጎኑ ላይ ምን ታያለህ?»
«ግማሽ ክብ የሆነ ደረጃ።»

ስታዲየሙ፣ ከዚያ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እያላችሁ ትጠባላችሁ። ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከተረጋገጠ ወደ ቀጣዩ። የመጨረሻውን ጥያቄ አስተውሉት። «ደረጃው ታየህ?» አላለም። እንዲያ ብትጠይቁት ይሉኝታ ይዞት «አዎ» ይላል። «ምን ታያለህ?» ስትሉት ግን የሚያየውን ከመናገር ሌላ አማራጭ የለውም።

«አየሁት» የሚለውንም ተዉት። ምኑን? መንገዱን፣ ጠላትን ወይስ ወዳጅን? የየራሳቸው ቃል አላቸው፦

ኮንታክት፦ የጠቀስከውን መለያ አይቻለሁ።
ታሊ፦ ጠላቱን፣ ዒላማውን አይቻለሁ።
ቪዥዋል፦ ወዳጅን አይቻለሁ።
ኖ ጆይ፦ ዒላማው አይታየኝም።
ብላይንድ፦ ወዳጅ አይታየኝም።

ከጠፋባችሁ ወደ መጨረሻው ኮንታክት ተመለሱ። ከዚያ ቀጥሉ። ከመጀመሪያው አትጀምሩ፣ እየገመታችሁም አትሂዱ። «ኖ ጆይ» ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እኛ ጋ አምስት ጊዜ ኖ ጆይ ብሎ በስድስተኛው ትክክለኛውን የመታ ልጅ ነው የሚከበረው።

ደረጃ 6፦ መግባት፣ ፈቃድ፣ ማቋረጥ

አብራሪው አፍንጫውን ወደ ዒላማው ሲያዞር «ንስር 1-1፣ ኢን፣ 040» ይላል። ጄታኩ ከሚከተሉት አንዱን ይመልሳል።

«ክሊርድ ሆት»፦ መጣል ተፈቅዷል።
«ኮንቲኒው»፦ መምጣትህን ቀጥል፣ ፈቃድ ግን ገና የለህም።
«ኮንቲኒው ድራይ»፦ ና፣ ግን ምንም አትጥልም።
«አቦርት፣ አቦርት፣ አቦርት»፦ አቋርጥ።

በጣም የሚያሳስተው «ኮንቲኒው» ነው። ጄታኩ በአማርኛ «ቀጥል» ይላል፣ አብራሪው ተኩስ ማለቱ ይመስለዋል። ስለዚህ እነዚህን አራቱን በጭራሽ አትተርጉሟቸው።

ለዚህ ያበቃን አንድ ቅዳሜ ነው። ጄታኩ ወዳጅ ተሽከርካሪዎች ወደ ዒላማው ሲጠጉ አየ። ደንግጦ ቁልፉን እየተጫነ «አትተኩስ!» አለ። ከፊት ያለው «አት» ተቆረጠ። አብራሪው የሰማው «ተኩስ!» ነው፣ ተኮሰም። ሁለቱም ልጆች ትክክል ነበሩ። አማርኛ ክልከላውን የሚያስቀምጠው ከፊት ነው፤ አትጣል፣ አትግባ፣ አትተኩስ። ራዲዮ የሚቆርጠውም ከፊት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «አት» ብሎ የሚጀምር ትዕዛዝ አየር ላይ አይወጣም። አቦርት ሦስቴ የሚባለውም አንዱ ቢቆረጥ ሁለቱ እንዲተርፉ ነው።

ሌሎች ብልሽቶች፦ ሁለት ሰው እኩል ተጭኖ ጩኸት ብቻ ከተሰማ ፈቃድ አላገኛችሁም። «ክሊርድ» ብቻ ሰምታችሁ «ሆት» ካልሰማችሁም አላገኛችሁም። ሳትጥሉ እለፉ፣ «ንስር 1-1፣ ኦፍ፣ ድራይ» (ሳልጥል ወጣሁ) በሉ፣ ዞራችሁ ተመለሱ። ነዳጅ እስካለ ድረስ ሁለተኛ ዙር ሁልጊዜ አለ። ማቋረጥን ደግሞ ማንም ሰው ማዘዝ ይችላል፣ አብራሪውም ጭምር። ምክንያቱ በኋላ ይጠየቃል።

ደረጃ 7፦ ከወጣችሁ በኋላ

«ንስር 1-1፣ ኦፍ፣ በቀኝ» በሉ። ጄታኩ ያየውን ይናገራል፦ አንዱ መኪና ተቃጥሏል፣ ሁለተኛው ቆሟል። ያላየውን አይገምት። እንደገና ለመግባት አዲስ ናይን ላይን ላያስፈልግ ይችላል፤ አዲስ «ኢን» እና አዲስ «ክሊርድ ሆት» ግን የግድ ነው።

ስትበሩ ስልካችሁን ሬኮርድ ላይ አድርጉት፤ በረራው ሲያልቅ የቀዳችሁትን ድምፅ አብራችሁ ስሙ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ «እሺ» ስንቴ፣ «አየሁት» ስንቴ፣ የተቆረጠ መጀመሪያ ስንቴ። ቁጥሩን ከነቀኑ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። ንስር የነበረው ዋርካ ይሁን፣ ያንኑ ዒላማ ከፎርድ ጀምራችሁ ድገሙት።